ሦስተኛው ጉድጓድ፦ የአቶ ሚጋኔ ኤልሚ ሱጌ የሕይወት ታሪክ

ንባቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ከፊት ረድፍ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው እንቁላል የሚያህል ድንጋይ አጠገቡ ባለው የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይግባ። ከዚያ በኋላ ማንም አይንካው። ሴት በወንዶች ድንኳን ቆማ አታነብም የሚል ካለም፣ ሟቹ ሰባት ዓመት ሲታሙ ዝም ብሎ እንዳዳመጠ ዛሬም ዝም ብሎ ያዳምጥ።

አቶ ሚጋኔ ኤልሚ ሱጌ ከአባታቸው ከአቶ ኤልሚ ሱጌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓይሻ ፋራህ እ.ኤ.አ. በ1958 በጅቡቲ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከባሕሩ ዳር ጨው ያወጡ ነበር። ፀሐይ ያደረቀው የጨው መሬት ከሲሚንቶ እንደሚጠነክር፣ አንድ ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ እግር እንደሚውጥ አይተው አደጉ። ታላቅ ወንድማቸውም አብረዋቸው አይተዋል፤ ወንድማቸው ግን ሲያድጉ ረሱት።

ትምህርታቸውን እዚያው ከጨረሱ በኋላ በ1978 በአንድ የአፈር መመርመሪያ ቤት በናሙና ተሸካሚነት ተቀጠሩ። ማርሴይ ተልከው አሥራ ስምንት ወር ተምረው ሲመለሱ፣ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ይሸከም እንደሆነ የሚመረምሩ ባለሙያ ሆኑ። በ1986 ከወይዘሮ ሮዳ አሶዌ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ወይዘሮ ሮዳ አልጋቸው ሥር የአፈር ናሙና ሣጥን እንጂ ሻንጣ አስቀምጠው አያውቁም።

የአቶ ሚጋኔ አሠራር ብዙ ሰው አይጥመውም ነበር። ሌላው ጠዋት ይቆፍራል፣ የመሬቱን ጥንካሬ ለመለካት የመዶሻውን ምት ይቆጥራል፣ የቀትሩ ጫት ሳይደርስ ጠቅልሎ ይሄዳል። እሳቸው ግን በጉድጓዱ ውስጥ አንድ በርሜል የሚጠጣ ውሃ ያፈሱና እስከ ማግስቱ ይጠብቃሉ። ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍ ሰፈር መካከል ይህን ያደረገ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «አንተ ሰው፣ ልጆቻችን የሚጠጡት አጥተው አንተ አፈር ታጠጣለህ?» እያሉ ሴቶች ይጮኹባቸው ነበር። «አፈር አጠጪው» የሚለው ቅጽል ስም በዚያው ተለጠፈባቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እኔ ዛሬ ካላጠጣሁት ነገ ሽንት ቤታችሁ ያጠጣዋል።»

በ2009 ታላቅ ወንድማቸውና የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አባት የሆኑት ሐጂ ዲሪዬ ኤልሚ በዚያው የጨው መሬት ላይ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ቤት ሊሠሩ ተነሡ። አቶ ሚጋኔ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍረው ውሃ አፈሰሱ። ሁለቱ ቻሉ። በምሥራቅ በኩል ያለው ሦስተኛው በማግስቱ አንድ ክንድ ሰምጦ ተገኘ። ምሰሶዎቹ አሥራ አንድ ሜትር ወርደው ከሥር ያለውን ኮራል ድንጋይ ካልረገጡ ቤቱ እንዳይሠራ ብለው ጽፈው ፈረሙ።

ሐጂ ዲሪዬ ወረቀቱን ሲቀበሉ ጸሐፊዋ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ድንጋይ ላይ ውሃ እያፈሰስክ ጭቃ ነው ትለኛለህ እንዴ?» አሉ አባቷ።

«ዲሪዬ፣ ድንጋይ አይደለም፣ ጨው ነው። አባታችን ያሳየን ጨው።»

«ተወኝ እባክህ! ሃምሳ ጊዜ በመዶሻ ተመቶ ንቅንቅ አላለም!»

ወረቀቱ መሳቢያ ገባ፤ የሌላ መርማሪ ማኅተም መጣ፤ ቤቱም ተሠራ።

በኖቬምበር 2014፣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ለዓመታት ሲያንጠባጥብ የኖረው ውሃ ሥራውን ጨረሰ። ምሥራቁ ጎን ሰመጠ፣ ደረጃው ተናደ፣ ምድር ቤት ልብስ ይሰፉ የነበሩት ወይዘሮ ሳፊያ ሞቱ። ሐጂ ዲሪዬ ሽማግሌዎች ፊት ቀርበው፣ «መሬቱን የመረመረው ወንድሜ ነው፤ ምንም አልነገረኝም» አሉ። አቶ ሚጋኔ ሊናገሩ ሲሉ እናታቸው አስጠሯቸው። «እኔ ቆሜ እያለሁ ወንድምህን አታስይዝብኝ» ብለው አስማሏቸው። አቶ ሚጋኔም ማሉ። ወይዘሮ ዓይሻ ዛሬ የዘጠና አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። መሐላው ግን የልጃቸው እንጂ የጸሐፊዋ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የአቶ ሚጋኔን ፊርማ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አልተገኘም። የሳፊያ ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ይተፉባቸው ነበር፤ ልጆቹ የተነገራቸውን አምነው ነው፣ አይፈረድባቸውም። እናንተ ግን ሠላሳ ዓመት የምታውቋቸው፣ እጃቸውን ሳትጨብጡ ያለፋችሁ፣ ዛሬ ከፊት ረድፍ ተቀምጣችሁ ታለቅሳላችሁ። ጸሐፊዋም ያየችውን እያወቀች ዝም ካሉት አንዷ ናት፤ ታፍራለች።

አቶ ሚጋኔ አቧራ በጎዳው ሳንባቸው ምክንያት ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ኦገስት 14 ቀን 2021 ዐረፉ፤ በዚያው ዕለት ተቀበሩ። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አንድ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። ከጸሐፊዋ አባት መሳቢያ የወጣው ወረቀት በዚህ ጽሑፍ ጀርባ ታትሟል። «ደርሶኛል» ከሚለው ቃል ሥር ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ፈራሚው ያውቃሉ።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ የተዋሸባቸውን ሁሉ በመልካም ሥራቸው በኩል ይመዝንላቸው። አሚን።

ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እስኪያልቅ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጸሐፊዋ ትናንት በድንጋዩ ሌላኛው ግማሽ ሞክራዋለች። አባባ፣ ፊትዎ ያለውን ብርጭቆ ይዩት። ጭቃው አሥራ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር የተቀመጠው የሦስተኛው ጉድጓድ ናሙና ነው። ማንበብ ስጀምር ድንጋይ ነበር።

ካድራ ዲሪዬ ኤልሚ