የሩቂያ ደም

ሐምሌ 4
መካነ ሰላም ገባሁ። ጭቃ፣ ጉም። እማ "ከሳህ" አለች፣ እንደ ሁሌው። እህቴ ሩቂያ በሩ ድረስ ወጥታ ተቀበለችኝ። ከጅዳ ሕመሟን ይዛ ከተመለሰች ወዲህ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ኪኒኑ ግን ይዞላታል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሐምሌ 5
ለጥናቴ ደሟን ቀዳሁ። የማጠናው የእሷኑ ሕመም ነው፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ። የሰውነት መከላከያዋ የገዛ ነርቯን እንደሚያጠቃ ታውቃለች።
"ጥፋተኛው አንድ ብቻ አይደለም" አልኳት። "ጂኑም፣ የደም ሴሉም፣ ሌላውም ይጠራራል። እኛ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ ሁሉንም አንድ ላይ በኮምፒውተር እናያለን። ሲስተምስ ባዮሎጂ ይባላል።"
እማ ከጓዳ፦ "ጂኒ ነው አላልኳችሁም!"
ሳቅን። ሩቂያ ክንዷን እያሸች፣ "ታዲያ እድናለኋ?"
"ኢንሻአላህ።"
ለምን እንዲህ አልኩ? ከዚህ ጥናት ለእሷ የሚሆን ነገር አይወጣም። ቢወጣም ለሌላ ሰው፣ ስንት ዓመት ቆይቶ። እንቢ እንዳትለኝ ፈርቼ... ይሆን?

ጥቅምት 9፣ አዲስ አበባ
እማ ደወለች። ሩቂያ ሕመሟ አገርሽቶባታል፣ መቆም አቅቷታል። ለአማካሪዬ ለዶክተር እሌኒ ነገርኳቸው። አዘኑ። ከዚያ፣ "ሕክምና ሳትጀምር ደሟ ቢገኝ... እንዲህ ያለ ናሙና ብርቅ ነው። ካልፈለገች ግን ተወው።"
የደም መውሰጃውን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩ። ከልብሴ በፊት።

ጥቅምት 11፣ መካነ ሰላም
ዓይኗም ደብዝዟል። ኪኒኑን አየሁት፤ ከነእሽጉ።
"ለምን ተውሽው?"
"ያቅለሸልሸኛል። አንተ ደግሞ እየሠራህልኝ አይደል? እስከዚያ ልታገስ ብዬ..."
ነገርኳት። መድኃኒት እንደማልሠራ። ሻንጣዬ ውስጥ ያለውንም።
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ያኔ እውነቱን ብትነግረኝ እከለክልህ ነበር? ወንድሜ አይደለህ?"
ሻንጣዬን ወደ ኋላ ገፋሁት።
"አሁን ግን አልሰጥም። የወሰድከውንም ድፋው።"

ጥቅምት 12፣ ደሴ
አዝዬ አውቶቡስ ላይ አወጣኋት። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ሆስፒታል ተኝታለች፣ መድኃኒቱ በክንዷ እየገባ ነው። ከኮሪደሩ ዶክተር እሌኒ ጋ ደወልኩ። የእህቴ ደም ይወገድ፣ ከጥናቱም ትውጣ አልኩ። "ይገባኛል" አሉ።
ሌሎቹስ? ደማቸውን ስቀዳ ለእነሱስ ምን ብያቸው ነበር?

ጥቅምት 14
አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ወይዘሮ ንግሥቴ ጋ ደወልኩ፣ ወግዲ። በጥናቱ ካሉት ታማሚዎች አንዷ ናቸው።
"እማማ፣ ባለፈው ደም የቀዳሁዎት ልጅ ነኝ። ጥናቱ እርስዎን አያድንም። ያኔ በግልጽ መንገር ነበረብኝ። ኪኒንዎን እንዳይተዉ።"
"እኔማ ስጠብቅህ ነበር፣ ልጄ" አሉ። ስልኩ ተዘጋ።
ሩቂያ ዓይኗን ጨፍና ስታዳምጥ ኖሯል። ከመካነ ሰላም ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ፦
"ለሚቀጥለው ደውል።"