የመስኮቱ እጀታ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4
እባቧ መጣች። ያመጣቻት ዶርቴ ናት፣ የተጣሉ እንስሳት ማቆያው ሠራተኛ። ገና ኮቷን ሳታወልቅ "አንተ" አለችኝ። በሰባ ስምንት ዓመቴ!
ውሻዬ ሲሞት አከራዬ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ሌላ ውሻ እንዳላመጣ ከለከለኝ። ስለ እባብ ያለው ነገር የለም። እንግዲህ ይቻለው።
የመስታወት ሳጥኗን ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። "ደንጋጣ ናት፤ ሳምንት ሙሉ እንዳትነካት። ሙቀትና ጸጥታ ብቻ" አለችኝ ዶርቴ። ልጅ መሰልኳት? ብየዳም ኤሌክትሪክም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሁሉንም ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። የእባቡንም መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5
እንደ ልማዴ ጠዋት መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ማታም እንዲሁ። ያልተናፈሰ ቤት ይሻግታል። እናቴ በበረዶም ትከፍት ነበር።
እባቧ ሳጥኗ ውስጥ ካለው የዛፍ ቅርፊት ሥር አልወጣችም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13
ትናንት አይጥ ሰጠኋት፤ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ፣ በሞቀ ውሃ በረዶውን አቅልጬ። ዞር ብላም አላየችው።
ዛሬ እጄን ከተትኩ። በቀስታ፣ ከጎን፣ መጽሐፉ እንደሚለው። ጅራቷን አንቀጠቀጠች፣ አንገቷን እንደ መንጠቆ አጠፈች... ነከሰችኝ። መርዝ የላትም። ንዴት ግን አላት። እኔም አላጣሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16
እህቴ ኢርምጋርድ ደወለች። እባቧ እንደነከሰችኝ ስነግራት እስክትደክም ሳቀች። እንኳን እባብ ውሻውም በግድ ነበር የቻለህ፣ አለችኝ። ቀጥላ፣
"መስኮት ትከፍታለህ አይደል?"
"በቀን ሁለቴ።"
"ሦስቴ አድርገው። እንስሳ አለ።"
እውነቷን ነው። ሦስቴ አደረግሁት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20
አሁንም አልበላችም። ወደ ዶርቴ ደወልኩ። ምክር ፍለጋ አይደለም፤ የታመመ እባብ ሰጥታኛለችና ልነግራት ነው። ስለ ሙቀቱ ጠየቀችኝ። የሳጥኑ ማሞቂያ መብራት ይሠራል አልኳት። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ እንዴት አይሠራም?
"ቅዳሜ ሃያ ዘጠኝ እመጣለሁ" አለች። "እስከዚያ ካልበላች፣ በእጅም ካልተያዘች እወስዳታለሁ።"
ትውሰዳት!
... ደግሞ ለምን ትወስዳታለች? እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ የለም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22
ወገቤን አሞኝ መስኮቱን እንደከፈትኩ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ወጥ ቤት አልሄድኩም። እባቧ ማሞቂያ መብራቱ ሥር ተዘርግታ ነበር። ብርዱ ሲገባ ተኮማተረች፣ ተጠቀለለች፣ ቅርፊቱ ሥር ገባች። መስታወቱን ነካሁት። በረዶ!
በቀን ሦስቴ... ሦስቴ ያለችው ኢርምጋርድ ናት።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23
ዛሬም እጄ በራሱ ሄዶ ከፈተው! መልሼ ጠረቀምኩት። ሳጥኑን እንዳላዛውር ከባድ ነው፣ ወገቤም አይችልም። መፍቻ አምጥቼ የመስኮቱን እጀታ ነቀልኩ። መሳቢያ ውስጥ፣ ሹካዎቹ አጠገብ ነው።
ሳሎኑ የጎመን ሾርባ ይሸታል። ይሽተት!

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26
በላች።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 28
ከበላች በኋላ ሁለት ቀን እንዳትነካ ይላል መጽሐፉ። ታገስኩ። ዛሬ በሁለት እጄ ከሥር ደግፌ አነሳኋት። ጅራቷ አልተንቀጠቀጠም። በክንዴ ሽቅብ ሄዳ እጅጌዬ ውስጥ ገባች። እንዳላስደነግጣት ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ቀዝቃዛ ሻይ እጠላለሁ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29
ዶርቴ መጣች። ሳጥኑን ባዶ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። እጅጌዬን አሳየኋት። እባቧን ተቀብላ አፏን አየች፣ ክብደቷን መዘነች፣ መለሰችልኝ። ትቆያለች።
ከዚያ አፍንጫዋን ያዘች።
"አየሩ ታፍኗል እኮ። አንተ መስኮት አትከፍትም እንዴ?"
እኔን! እኔን ነው ያለችው! ዕድሜ ልኬን በቀን ሁለቴ...
"እጀታው ተሰብሯል" አልኳት።
"ለአከራይህ ንገረው፣ ዛሬውኑ ያሠራልሃል።"
ሹካዎቹ ያሉበትን መሳቢያ ተደግፌ ቆምኩ።
"ምን ያጣድፈዋል?" አልኩ። "ክረምቱ ይለፍ።"