የካርዱ ገንዘብ በማን ስም ይግባ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2008፣ ከቀኑ 9፡00

ደሴ፣ ሆጤ፣ ኢንተርኔት ቤት። የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ ፎቶ ድረ ገጽ ሱቄ ላይ እየጫንኩ ነው። መስመሩ ይንቀራፈፋል። ድንገት መልእክት። ደብተሬ፣ ስሚኝ! ስዊድን አገር የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴትዮ ሃያ ባና ትፈልጋለች። ሃያ! የቦሩ ሜዳ በግ ጸጉር፣ ስዊድን አልጋ ላይ!

አንድ ነገር ብቻ። የምትከፍለው በክሬዲት ካርድ ነው። ለማላውቀው ሰው በሐዋላ አልልክም ብላለች። አልፈርድባትም። እስከ ኅዳር አጋማሽ ክፍያው ካልተፈጸመ ግን ከሌላ ትገዛለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ካርድ የሚቀበልልኝ የውጭ ድርጅት ዘንድ ልመዘገብ ገባሁ። ስም ሞላሁ። አድራሻ ሞላሁ። አገር ምረጪ አለኝ። ዝርዝሩን ወረድኩ፦ ኤስቶኒያ... ፊጂ። መሀል ላይ መሆን የነበረብን እኛ የለንም። ሌላ ድርጅት ሞከርኩ፣ ያው። ሦስተኛ፣ ያው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ።

11፡30። ደስታዬ ተመለሰ! የአክስቴ ልጅ ጀማል ከጀርመን ደወለ። በስሙ ሒሳብ ሊከፍትልኝ ነው፤ ሁለት ቀን አይፈጅም። ገንዘቡ እሱ ጋ ይገባል፣ ድርሻውን ይዞ ይልክልኛል። ድረ ገጹም ወደ እሱ ስም ይዛወራል፣ ድርጅቱ እንደዚያ ነው የሚፈልገው። አብሽሪ አለኝ። ተገላገልኩ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ባናውን የሚሸምኑት አያ ይመር ናቸው፣ የሚፈትሉት ባለቤታቸው። ሃያ ስላቸው መወርወሪያውን አስቀመጡ። ዱዓ አደረጉልኝ። ከዚያ አከፋፈሉን ጠየቁኝ።

«ገንዘቡ በማን ስም ነው የሚገባው?»

«በጀማል።»

«ሱቁስ?»

«እሱም... በጀማል።»

«እና ነገ እሱ ቢሰለቸው፣ ሴትዮዋ የምታውቀው ማንን ነው? አንቺን ወይስ እሱን?»

ጀማል ክፉ አይደለም፣ ወላሂ። ግን ደሴ እስክገባ ሲከነክነኝ መጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ኮምቦልቻ። አንድ ባንክ በኢንተርኔት የውጭ ካርድ መቀበል ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ በጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። እውነት ነው! ሠራተኛዋ ወ/ሮ አልማዝ አስቀምጠው አስረዱኝ። ገዢዋ የካርዷን ቁጥር የምትጽፈው በባንኩ ገጽ ላይ ነው፤ እኔ አላየውም፣ ተሰረቀ ብዬም አልጨነቅም። ገንዘቡ በብር፣ በስሜ ይገባል። ዕቃው አልደረሰኝም ብላ ከከሰሰች ግን መልሰው ይወስዱታል፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ እንደ ዓይኔ ብሌን መጠበቅ አለብኝ።

ንግድ ፈቃድ አለኝ። ግብር ከፋይ ቁጥር አለኝ። የሌለኝ ጊዜ ነው። ውሉ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት፣ ምናልባትም አራት።

የጀማል ሁለት ቀን። የባንኩ አንድ ወር። ሴትዮዋ ብትሄድብኝስ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

ፈረምኩ! ባንኩን መረጥኩ። ለጀማል ደወልኩ። አኮረፈ፣ አላመንሽኝም አለ። ስምህን አምኜ ስሜን ማጣት አልፈለግሁም አልኩት። በኋላ ግን ድረ ገጹን ከባንኩ ጋር ማገናኘቱን እኔ አግዝሻለሁ አለኝ። ወንድሜ!

ለሴትዮዋ እውነቱን ጻፍኩ፦ ታገሺኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 19

መልስ የለም። ያለቀለት ነገር አበላሸሁ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ጻፈች!! ትጠብቀኛለች። ፎቶው ላይ ያሉት ሽማግሌ ማን ናቸው ብላለች። ስለ አያ ይመር ሁለት ገጽ ጻፍኩላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ባንኩ የካርድ መቀበያውን ከፈተልኝ። ሴትዮዋ ሞከረች። «ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣባት። ለጀማል ደወልኩ። ድረ ገጹ ውስጥ ገብቶ አየው፤ ከባንኩ ከተሰጠኝ መለያ ላይ አንድ ቁጥር አሳስቼ ነው የጻፍኩት። አስተካከልነው። ነገ ትሞክራለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9፣ ከረፋዱ 4፡40

ገባ! «ተከፍሏል» ይላል። ከሥሩ ስሜ፣ የእኔው ስም፣ ከድጃ መሐመድ። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ጮኼ ሰው ሁሉ ዞረ።

ወ/ሮ አልማዝ ደውለው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ጀማልም ደወለ፣ ከእኔ ብሶ ይጮኻል። አያ ይመር ብቻ አልሰሙም። ደወልኩላቸው፣ መጥራት ሲጀምር ግን ዘጋሁት። ይህ በስልክ አይነገርም። ፊታቸውን ማየት አለብኝ።

የቦሩ ሜዳው ሚኒባስ ሊሞላ ነው፣ «አንድ ሰው ቀረ!» እያለ ረዳቱ ይጣራል። ሄድኩ!