ስለ ቤቴ በር ቀይ ማስጠንቀቂያና ስም ስለሌላቸው በርሜሎች

ይድረስ ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃና የኬሚካል ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? መላ አካላትዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ ደህና እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቀለም መደባለቂያው ሱቅ ጎን ያለችው የፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ባለፈው ለጸሐፊዎ "ያቺ ነገር የምታበዛ ሴትዮ" ብለው ሲገልጹኝ በሩ ክፍት ነበርና ሰምቻለሁ፤ ስላልረሱኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ታናሽ እህቴ ፀጉር የምታጥበው በጓሮው ክፍል ነው። ጎረቤቴ ቀለም ደባላቂው የቀለም ማቅጠኛ በርሜሎቹን የሚደረድረው ከዚያው ክፍል መስኮት ሥር ነው። አንድ የሚያቃጥል ቀን እህቴ የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ደንበኛዋ አረፋዋን እንደተሸከመች እግሯን ይዛልኝ ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሙ "ምን አሽትታ ነው? ስሙን ካላወቅሁ በግምት ነው የማክማት" አለኝ። እየሮጥኩ ተመልሼ ቀለም ደባላቂውን ብጠይቀው ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔስ ምኑን አውቄው እህቴ? አከፋፋዩ ስሙ ያለበትን ልጣፍ ልጦ ነው የሚያመጣልኝ። እኛ 'ኃይለኛው' ነው የምንለው" አለኝ። ይህንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እህቴም ትንፋሽ እንዳጠራት በግምት ስትታከም ሰነበተች።

ሁለተኛ፦ ለእርስዎ መሥሪያ ቤት አመለከትኩ፤ ተቆጣጣሪዎችዎም መጡ፣ እግራቸው ይባረክ። የእኔን መደርደሪያ አንድ በአንድ ፈተሹ። የፀጉር ቀለሙም፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ስማቸው በግልጽ ተጽፎባቸዋልና ደንቡ ይመለከተኛል ተብሎ "ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ቤት ለጤና ጎጂ ኬሚካል አለ" የሚል ቀይ ጽሑፍ በሬ ላይ ተለጠፈ። በርሜሎቹንስ ብላቸው፣ አንደኛው በትሕትና "ስሙ ያልታወቀ ነገር አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበውን ደግሞ ኬሚካል ነው ለማለት ሥልጣን የለንም" ሲሉ አስረዱኝ። ታዲያ እህቴን ምን ጣላት ብዬ ስጠይቅ፣ እሱ የጤና ክፍል ጉዳይ ነው አሉ።

ሦስተኛው ስለ ጽሑፉ ውጤታማነት ነው፤ ይህን ለሪፖርትዎ ቢጠቀሙበት ቅር አይለኝም። ደንበኞቼ ቀዩን እያነበቡ ይመለሳሉ። አንዲት እናት ልጇን ከበሬ ላይ ጎትታ ካራቀቻት በኋላ፣ ጥላ ፍለጋ ወስዳ ከበርሜሎቹ በአንዱ ላይ አስቀመጠቻት። እዚያም ተቀምጠው ነፋስ ተቀበሉ። ሮጬ አስነሳኋቸው፤ እናትየው "በሽታሽን ይዘሽ አትጠጊን" አለችኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጠዋት ቀለም ደባላቂው በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። "ልጆቼን ልስማቸው ስል ከሽታዬ የተነሳ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ከዚያ አከፋፋይ ሁለተኛ አልገዛም። ያለውን ግን የት ልድፋው?" አለኝ። ጥያቄው ከእኛ አቅም በላይ ሆነብን። ስለዚህ በርሜሎቹን በጋሪ ጭነን፣ ስማቸው ተጣርቶ እንዲነገረን ከሚጠይቅ ማመልከቻ ጋር ወደ ግቢዎ ይዘናቸው መጣን። ጥበቃው ምን እንደሆነ ሲጠይቀን "ኃይለኛው" አልነው፤ የአለቃ ዕቃ መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን።

እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እንደተመለሱ ያሳዩትን ቅልጥፍና ግን መንደሩ ሁሉ ያደንቀዋል፦ ሠራተኞችዎ ወደ ቤታቸው ተሸኙ፣ አፍንጫቸውን የሸፈኑ ባለሙያዎች ደረሱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የግቢዎ በር ቀይ ለበሰ። በማግስቱ ስም ተገኘ። ምላስ የሚያስር ረጅም ስም ነው፤ ቀለም ደባላቂው በወረቀት ይዞ ለሐኪሙ ራሱ አደረሰው። ሕክምናው ተለወጠ፣ እህቴም ቀና ብላ መተንፈስ ቻለች። አከፋፋዩ ዛሬም ልጣፍ እየላጠ ይሸጣል፤ ስሙንና አድራሻውን ለጽሕፈት ቤትዎ ሰጥተናል፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ አላስቸኩልዎትም።

ለአፍንጫዎ ንቃት ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እስከ እኛ ጓሮ ድረስ እንዲሰፋ ሌት ተቀን የምትመኝ፣

ታዛዥዎ፣ ነገር የምታበዛው ሴትዮ

ማስታወሻ፦ እህቴ ድናለች፤ ማሽተት ግን አልተመለሰላትም፣ ሻምፑውን ከኮምጣጤ አትለይም። ፀጉር ቤት ውስጥ ይህ ችግር ነው። በተቆጣጣሪነት ክፍት የሥራ ቦታ ካለዎት ግን መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ታሟላለች።