ከቀይዋ ነጥብ ወዲያ

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ዝናብ። ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራ። ሱቁን የከፈትኩት እንደ ሁልጊዜው በእድላዊት ድምፅ ነው። ጮቄ ኤፍኤም ሲነጋ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የምትሰማው ልጄ ናት። «እንደምን አደራችሁ... በሩን ክፈቱት፣ ነግቷል!» እዚያ ስትሠራ የቀዱት ነው። ካረፈች ይሄ ሁለተኛው ክረምት ነው፤ አልቀየሩትም። እከፍታለሁ።

ቃሉ የኔ ነበር። ትምህርት ቤት እንዳይረፍድባት ስቀሰቅሳት የምለው። ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ቀን «ሰረቅሽኝ» አልኳት። «ወረስኩሽ እንጂ» አለች። ማን ማንን እንደወረሰ...

ልብስ ሰፊው ባምላኩ የስፌት መኪናውን የዘረጋው ሱቄ በረንዳ ላይ ነው። የሱ ሬዲዮ ውትርን ኤፍኤም፤ ቀኑን ሙሉ ኳስና ቀልድ። እሱ ድምፅ ሲጨምር እኔም እጨምራለሁ። ዛሬ ስኳር ልትገዛ የመጣች ሴት ጆሮዋን ይዛ «ሁለታችሁም አብዳችኋል» ብላ ሄደች። ስኳሩን ሳትገዛ።

«እትዬ ፋንታነሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ወደኛ ቢያዞሩት ምን አለበት? ሳቅ አለ እኮ!»

«የኔ ሬዲዮ አይዞርም።»

እውነቴን ነው። ጮቄ የሚገኝበት ቦታ ላይ እድላዊት በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አድርጋልኛለች። «እማዬ፣ ብታዞሪው እንኳ እንዳይጠፋሽ» ብላ። እሷ ከሄደች ወዲህ ከነጥቧ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። የባትሪ ድንጋይ ስቀይርለት እንኳ እጄን ሰብስቤ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ጉድ ሠራሁ።

ከሰዓት ዝናቡ ሲብስ አንዲት ልጅ ሮጣ ገባች። መክሊት እባላለሁ አለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከሁለቱ ሬዲዮ የትኛው ብዙ አድማጭ እንዳለው በየሰፈሩ እየዞረች ትጠይቃለች። ጣቢያዎቹ ተስማምተው የሚያሠሩት ጥናት ነው አለችኝ። ጫማዋ ውሃ አዝሏል። የያዘችው ጃንጥላ ደግሞ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ዙሪያውን «ውትርን ኤፍኤም» የተጻፈበት።

«እማማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የትኛውን ነው የሚሰሙት?»

ልጅቷን አየሁ። ጃንጥላውን አየሁ። የሰው ልጅ በዚህ ዶፍ እየዞረች... ፊት ለፊቷ «ያንቺን አልሰማም» ይባላል?

«ውትርንን» አልኩ።

ጮቄ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ እያወራ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ባይደበድበው ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ልጅቷ ጻፈች። ቆሎ ሰጠኋት። አመስግና ሄደች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ጠዋት «በሩን ክፈቱት» ስትል ሬዲዮውን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ውትርን አንደኛ ወጣ። መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው ከተማውን ሲዞሩ ዋሉ። ባምላኩ መቀሱን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ጨፈረ። ጾም ነው ብለው አይሰማም።

ሲመሻሽ አሸናፊ መጣ። የጮቄ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ እድላዊትን የቀጠራት እሱ ነበር። ካረፈች ወዲህም አልረሳኝም፣ ብቅ ይላል። ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል።

«ስሜ አሸናፊ፣ ጣቢያዬ መጨረሻ» አለ።

«ሁለተኛ ነው እንጂ።»

«ከሁለት ሁለተኛ መጨረሻ ነው፣ እናቴ።»

ዙሪያ ዙሪያውን ሄደ። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ስኳር ዋጋ አወራ። በኋላ አወጣው። ባለቤቶቹ «ማስታወቂያ ሸሸን፣ ሁሉም ነገር ይታደስ» ብለዋል። ከመስከረም አንድ ጀምሮ አዲስ ዝግጅት፣ አዲስ መክፈቻ።

«የእድላዊትም?»

«የእሷም... እናቴ።»

የሩዝ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እኔን የማይገባኝ» አለ፣ «በዚህ በመናኸሪያው ሰፈር ጮቄን እሰማለሁ ያለ አንድም ሰው የለም። አንድም! እርስዎን አልጠየቁዎትም እንዴ?»

«ጠይቀውኛል። ውትርን አልኩ።»

«እርስዎ?!»

«ጃንጥላው...»

የጃንጥላውን ነገር ነገርኩት። ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። እኔ አልሳቅኩም። የልጄን ድምፅ በገዛ አፌ...

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ለካ ብቻዬን አይደለሁም። ምግብ ቤት ያላትን አመተ ማርያምን ጠየቅኳት።

«ውትርን የሚል ተሸክማ መጥታ ጮቄ ልበላት? ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ?»

ወፍጮ ቤት ያለው እንዳላማውም እንደዚያው። ወፍጮው እየጮኸበት ምንም ሬዲዮ የማይሰማው እንዳላማው «ውትርን በጣም ጥሩ ነው» ብሎ አስጽፏል!

አሸናፊ መክሊትን ፈልጎ አገኛት። ጃንጥላው የሷም አይደለም። ዝናብ ሲያስቸግራት አከራይዋ ያዋሷት ነው። እሷ ራሷ ሬዲዮ ሰምታ አታውቅም።

ውትርኖች ወሬው ሲደርሳቸው «ይደገም! አሁንም እኛው ነን» አሉ። የጮቄ ባለቤቶችም ለአንድ ጊዜ እንጠብቃለን ብለዋል። እንደገና ሁለተኛ ከወጣ ግን መክፈቻው ይቀየራል። ቁርጥ ነው።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ልጆች ጅራፋቸውን ይዘው ሱቁ ደጃፍ ሲጨፍሩ ሙልሙል ሰጠኋቸው። ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ።

«ለመሆኑ የትኛውን ሬዲዮ ነው የምትሰሙት?»

«ሙልሙል የሰጠንን!»

ባምላኩ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። «እትዬ፣ ቅስቀሳ ጀመሩ? ነገ ደግሞ ጮቄ ላለ ሰው ስኳር ሊመርቁ ነዋ!»

አፈርኩ። ስኳሩን አስቤው ነበር። እድላዊት ብትሰማ... እሷ ሐሰት ዜና አላነብም ብላ ስንት ጊዜ ተጣልታለች።

«ባምላኩ፣ ያቺ ልጅ ተመልሳ ስትመጣ እውነቱን ንገራት» አልኩት። «ውትርንም ቢሆን።»

ለማለት ቀላል ነው። «ውትርን» የሚለውን ግን በግድ ነው ያወጣሁት።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

መክሊት መጣች። ባዶ ራሷን፣ ዝናብ እየወረደባት።

«ጃንጥላ እንዳልይዝ ተነግሮኛል» አለች።

ነጠላዬን አለበስኳት። ምንም ያልተጻፈበት ነው።

አሁን በሰዓት ከፋፍላ ነው የምትጠይቀው። ሲነጋ? ቀትር ላይ? ማታ?

«ጮቄ፣ ጮቄ፣ ጮቄ» አልኩ። ከመናኸሪያው ሳይሰማ አልቀረም።

ወደ ባምላኩ ዞረች። እኔ ሩዝ የምሰፍር መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

«ቀትር ውትርን። ማታ ውትርን። ኳስ ካለ ሌሊትም ውትርን» አለ።

«ሲነጋስ?» አለች መክሊት።

መርፌው ውስጥ ክር ሊያስገባ ይታገላል። አልገባለትም።

«ሲነጋማ ጮቄ ነው። እድላዊት በሩን ክፈቱት ሳትለኝ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። እሷን ሰምቼ ነው የማዞረው።»

ቀና ብሎ አላየኝም።

«አንተ! ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«ቁስልዎን እንዳልነካ ብዬ ነዋ፣ እትዬ።»

እኔ ደግሞ እሱ ረስቷታል ብዬ ስቀየመው... ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንቱን ሸፍኖብናል?

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ጸበሉ ዝናብ ሲወርድ አሸናፊ በስብሶ ሮጦ ገባ።

«ሁለተኛ ነን!» ይላል እየሳቀ።

ያበደ መሰለኝ።

ቀኑ በሙሉ ሲደመር ውትርን ይበልጣል። በኳሱም በቀልዱም። ሲነጋ ግን... ሲነጋ ሰው ሁሉ ጮቄ ላይ ነው። መናኸሪያው፣ ምግብ ቤቱ፣ ወፍጮው ሳይነሳ በፊት እንዳላማው፣ እስከ አማኑኤል ከተማ፣ እስከ አምበር። ከዚያ ሁሉም ያዞራል።

«ሰው ሰላምታውን ሊቀበል ይገባና ይወጣል» አለ። «ባለቤቶቹ ምን አሉ መሰለዎት? ሌላውን ሁሉ ቀይሩት፤ መክፈቻውን የነካ ግን ወዮለት!»

«አትቀየርም?»

«አትቀየርም። እንደ ስሜ አሸነፍኩ፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን።»

እንደገና ሩዙ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ከረጢት ስንት ነገር ቻለ!

የምትቀሰቅሰው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስንቱን በር ስታስከፍት ኖራለች ለካ... ስንቱን...

መስከረም 2፣ ዓርብ

ሰማዩ ጠርቷል። «በሩን ክፈቱት፣ ነግቷል» አለች። ከፈትኩ። ፀሐይዋ ሰተት ብላ ባንኮኒው ድረስ ገባች።

ከዚያ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ከሷ በኋላ የሚሄደው ወዴት ነው? እዚያ ምን አለ?

ማዞሪያውን ያዝኩት። ደርቋል። ቀስ... ከቀይዋ ነጥብ ወዲያ። መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ በሬ ገዝቷል፤ በሬው ግን የሻጩን ቤት አልረሳ ብሎ፣ ሲያርሱበት ወደዚያው ይሄዳል። «አርሼ አርሼ የሻጩ ደጃፍ ደረስኩ። ምሳ አብልቶ ሸኘኝ! ነገም ና ብሎኛል!»

ሳቅኩ። ድምፅ አውጥቼ፣ ሆዴን ይዤ።

ባምላኩ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጦ ገባ። የማለቅስ መስሎት ነው። ቆም ብሎ አዳመጠ። የራሱ ጣቢያ።

«እትዬ! ከዱ?»

«ዝም በል፣ ልስማበት!»

በረንዳው ላይ አንድ ሬዲዮ ብቻ ሲያወራ ዋለ። የኔው። እሱ ድንጋዩን ቆጠበ። ያቺ ስኳር ሳትገዛ የሄደችው ሴትም መጣች። «ታረቃችሁ እንዴ?» ብላ ቆማ ሳቀች፣ ስኳሯንም ገዛች።

«ብታዞሪው እንኳ እንዳይጠፋሽ» ነበር ያለችኝ። ብታዞሪው እንኳ... ይሄን ሁሉ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሰማኋት።

ሱቁን ስዘጋ ወደ ቀይዋ ነጥብ መለስኩት። አልጠፋኝም። ጠዋት ሥራ አለባት።