ከኋላ ወንበር በክብር ስላወረዳችሁኝ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ ፈጣሪ ቶሎ እንዲምርዎ እመኛለሁ፤ ወንበርዎ ለስላሳ መሆኑንም በበሩ ክፍተት አይቼ ተጽናንቻለሁ። እኔ ትምህርቴ ብዙ ያልሆነ፣ ልብስና የመኪና ወንበር ሽፋን እየሰፋሁ ልጆቼን ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ቀስ እያልኩ ነው የጻፍኩት። ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ እንዲወጣ የፈለግሁትም ለእርስዎ ለብቻዎ የጻፍኳቸው ሁሉ መንገድ ላይ ስለሚጠፉብዎት፣ ዳግም እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው።

የልጄ መርዶ የደረሰኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የታናሹን ልጄን መኪና የኋላ ወንበር ሽፋን እየሰፋሁ፣ ጠርዙ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራስ እንደተላጨ ትቶ፣ መቀሱን በደረት ኪሱ እንደያዘ መጣና ደጄ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ለመነኝ፤ ሰጠሁት፤ አልጠጣውም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ “እትዬ፣ እስቲ ማሽኑን ያቁሙት” አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሽፋኑ እስከ ዛሬ ማሽኑ ላይ ነው፤ መርፌው እንደተሰካበት።

ክቡር ኃላፊ፣ ልጄ ጥፋት የለበትም ብዬ አልከራከርዎትም። መኪናዋን የሚሸከመውን ሞላ አስቆርጦ ዝቅ ያደረጋት እሱ ነው፤ ሰፋፊ ጎማና ቸርኬ የገዛላትም እሱ ነው። ከመሬት ጋር ስለተጣበቀች ጓደኞቹ “ምንጣፍ” ይሏት ነበር። ሥራው የሊፍት ጥገና ስለነበር፣ “ቀን ቀን ሰው ከፍ አደርጋለሁ፣ ከሥራ ስወጣ መኪና ዝቅ አደርጋለሁ” እያለ ያስቀኝ ነበር። ቢሆንም ገጥሞ ብቻ የሚሄድ ልጅ አልነበረም። ጎሚስታው ጎማዎቹን ሲገጥምለት “ትንሽ ትነካለች፣ ግድ የለም፣ ትለምደዋለች” ብሎት ነበር። ልጄ ግን ጎማ ከብረት ጋር እንደማይላመድ ያውቅ ነበር። የልብስ ጠመኔዬን ወስዶ የጎማዎቹን ጎን ቀባ፤ መሪውን እስኪቆም ወደ ግራ፣ ከዚያ እስኪቆም ወደ ቀኝ አዞረ፤ ጠመኔው የተፋቀበትን ቦታ እያየ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን የፓራፋንጎ ጠርዝ ባትላሜራ ቤት ወስዶ ወደ ውስጥ አስመታው። የፊት ጎማዎቹ ነጻ ወጡ። የኋላዎቹም መኪናዋ ባዶ ስትሆን ምንም አይነካቸውም።

እኔ ስገባባት ነው ነገሩ የሚበላሸው። መቼም አልዋሽዎትም፣ ፈጣሪ ሰውነት ሲሰጠኝ አልቆጠበብኝም። ከኋላ ስቀመጥ መኪናዋም አብራኝ ትቀመጣለች፤ ስንታጠፍ ደግሞ ጎማው ብረቱን እየፋቀ፣ እንጨት ላይ እንደሚሄድ ብርጭቆ ወረቀት ይጮሃል። “እማዬ፣ አንቺ ስትገቢ ነው አፍ የምታወጣው” ይለኝ ነበር። ስለዚህ ለሙከራው ሁሉ ሸክም ሆኜ ያገለገልኩት እኔ ነኝ። ከሥራ ሲመለስ “ነይ ቁጭ በይልኝ” ይለኛል፤ መርፌዬን ሰክቼ እወጣለሁ። እሱ ጎማው ሥር ተንበርክኮ “ትንሽ ተወዛወዢ” ይላል፤ እወዛወዛለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ “እትዬ፣ የት ሊደርሱ ነው?” እያለ ይቀልድብናል። የትም ሳልሄድ በዚያች መኪና የተጓዝኩትን ያህል በሕይወቴ አልተጓዝኩም።

አንድ ቀን ድምፁ አልጠፋ ሲለው፣ የድሮዎቹን ጠባብ ጎማዎች ከበሬ ጀርባ ደረደራቸውና፣ “ለቦሎ ልወስዳት ነው። እዚያ ያሉት ካላሳለፏት እነዚህን መልሼ እገጥማለሁ። እነሱ ካሳለፏት ግን በቃ፣ አልፋለች” አለኝ። ልብ ይበሉልኝ ክቡር ኃላፊ፣ ጣቢያዎን ከልቡ ያመነ አንድ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ነበር።

ቅሬታ በቁጥር ተለይቶ ካልቀረበ አይታይም ብላ ጸሐፊዎ ስለመከረችኝ፣ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አክብሮታችሁ ነው። የምርመራው ቀን ድምፁ እንዲሰማ ብዬ ከኋላ ተቀምጬ አብሬው መጣሁ። በር ላይ ያለው ሠራተኛችሁ ዝቅ ብሎ፣ “እናት፣ ከዚህ ወዲያ ሾፌር ብቻ ነው፤ ወርደው ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ” አለኝ። “ልጄ፣ እኔ ከወረድኩ እኮ መኪናዋ አትጮህም፤ የመጣነውም ለጩኸቷ ነው” አልኩት። “ታዲያ ዝም ካለች እሰየው ነዋ፣ እማማ” ብሎ ክንዴን ደግፎ አወረደኝ። እግሬ መሬት ሲነካ መኪናዋ ቀና አለች። ልጄ፣ ጎማው ብረቱን የሚነካው ከኋላ ሰው ሲኖር መሆኑን ነገረው፤ ውስጥ ላሉት ንገር ተባለ። ውስጥ ላሉትም ነገራቸው፤ መመሪያው መኪና የሚታየው ባዶውን ነው ይላል ተባለ። እኔ በዚህ ሰዓት አግዳሚው ላይ ነፋስ እየተቀበልኩ ነበር። አግዳሚው የጸዳ፣ ጥላውም ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ሁሉ እንክብካቤ ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ቀን ትንሽ ብትንቁኝ ኖሮ፣ እንደ አሮጌ ዕቃ ከኋላ ረስታችሁኝ ብታስገቡኝ ኖሮ፣ ልጄ ዛሬ በጠባብ ጎማው እየተነጫነጨ ይነዳ ነበር።

ሁለተኛ፣ መርማሪያችሁ ጥሩ ነገር የሚያይ ዐይን እንዳለው ልመሰክርለት እወዳለሁ። በምርመራ ክፍላችሁ መስኮት አሻግሬ እያየሁት ነበር። መብራቷን አስበራ፣ ጡሩምባዋን አስነፋ፤ ጎማው ጋ ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። አሁን አገኘው ብዬ ደስ አለኝ። በኋላ ልጄ ሲነግረኝ ለካ ሰውየው “ቸርኬዎቹ ያምራሉ፤ ከየት አገኘሃቸው?” እያለው ኖሯል። ልጄም የገዛበትን ሱቅ ጠቆመው። ከዚያ ቦሎው ተለጠፈ። ስንመለስ እኔ እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ከበራችሁ ወጥተን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ያው ድምፅ መጣ። ልጄ በመስታወቱ አየኝና “እማዬ፣ ከእንግዲህ ይሄ ሕጋዊ ጩኸት ነው” አለኝ። ሳቅን። ማኅተም ያለበትን ነገር መጠራጠር እሱም እኔም አልለመድንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ያውቁታል፤ ለማያውቁት አንባቢዎች ግን ባጭሩ ልናገር። በዚያ እሑድ ልጄ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹን ከነመሣሪያ ሣጥናቸው ጭኖ ከጥገና ይመለስ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ካለው ጠመዝማዛ ሲደርሱ ጎማው መጮህ ጀመረ። ከኋላ የተቀመጠው ባልደረባው “ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?” ሲለው፣ ልጄ የፊት መስታወቱ ላይ ያለውን ቦሎ በጣቱ መታ መታ አድርጎ “አይዞህ፣ አልፋለች” አለው። ሲፋቅ የከረመው ጎማ የፈነዳው እዚያ ነው። መኪናዋ የድንጋዩን ግንብ በእሱ በኩል መታች። ባልደረቦቹ ተርፈዋል፤ ይመስገን። የፊት መስታወቷም አልተሰበረም፤ ቦሎዋ ጫፏ እንኳ ሳይላጥ እንዳማረባት ነበረች። ስለ ማጣበቂያው ጥራት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

ሦስተኛ፣ ጣቢያችሁ ስለ ሰጠኝ መልስ ነው። አቤቱታዬን ተመልክታችሁ የጻፋችሁልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “ከምርመራው በኋላ በተሽከርካሪው ላይ ለውጥ ስለተደረገ ጣቢያችን ኃላፊነት አይወስድም።” ደጋግሜ አነበብኩት። ጎማው ያው ጎማ ነው። ቸርኬው መርማሪያችሁ ያደነቀው ቸርኬ ነው። ሞላው ያኔም የተቆረጠ ነበር። ምን ለውጥ ተደረገ ብዬ ስጨነቅ ከረምኩና በመጨረሻ አገኘሁት፤ እውነትዎን ነው፣ ለውጥ ተደርጓል። ሰው ገብቶባታል። መኪና ከጣቢያችሁ ከወጣ በኋላ ሰው እንደሚሳፈርበት ማን ያስብ ነበር።

ይህ ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ሌላው ነገራችሁ ዝም ብዬ የማሳልፈው አይደለም። በእሱ ምክንያት ልጄ አታሎ ያለፈ፣ ወጥቶም ጎማ የቀየረ ሆኗል። የባልደረቦቹ ቤተሰቦች በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። አንዷ እናት “ልጅሽ ያን ጎማ ባይቀይር ኖሮ የልጄ እጅ ደህና ነበር” ብላኛለች፤ እኔም እናት ነኝና አልፈረድኩባትም። ልጄ አልደበቀም። ችግሩን በአፉ ተናግሮ፣ ማስረጃውን ከኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ነው የመጣው። ማስረጃውን ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ።

አራተኛው አጭር ነው። እርስዎን ለማግኘት በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት። ስብሰባዎ በሰላም እንዲያልቅ ስጸልይ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ጊዜ ግን ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ አይቼዎታለሁ። ሾፌርዎ የኋላውን በር ከፈተልዎ፤ ሲቀመጡ መኪናዎ በእርስዎ በኩል ዝቅ አለች። ደንግጬ ቀረሁ። ይህ ነገር በእኔ ዓይነቶቹ ላይ ብቻ የሚደርስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በኃላፊም ይሠራል።

እንግዲህ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያንሱልኝና ልጄ እንደነገራችሁ፣ እናንተም እንዳልሰማችሁ በእሷ ፋንታ ይጻፍ። ሌላው ደግሞ፣ ዝቅ ያለች ወይም ሰፊ ጎማ ያላት መኪና ስትመጣ ከኋላ ሰው አስቀምጣችሁ፣ መሪዋን እስከ ጥግ አዙራችሁ እዩ። ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ሥራዬን ቤት ነው የምሠራው፣ ሰውነቴም ለእንዲህ ያለው ነገር የተመሰከረለት ነው። ከበሬ ጀርባ ያሉት ጠባብ ጎማዎችም እንዳሉ ናቸው። ስወጣ ስገባ ያደናቅፉኛል፤ የማነሣቸው ግን መልስዎን ካየሁ በኋላ ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ሊሰጡኝ ስላሰቡ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ አግዳሚውና ስለ ማጣበቂያው እጅ እየነሣሁ፣ ወገብዎ ድኖ በመኪናዎ የኋላ ወንበር ለብዙ ዘመን ያለ ኮሽታ እንዲቀመጡ የምመኝልዎ፣

የ“ምንጣፍ” ነጂ እናት፣
የመኪና ወንበር ሽፋን ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ስልኬ ላይ ከጣቢያዎ መልእክት ደረሰኝ። “ውድ ደንበኛችን፣ የተሽከርካሪዎ ዓመታዊ የምርመራ ጊዜ ስለደረሰ ይዘው እንዲቀርቡ በአክብሮት እናሳስባለን” ይላል። እርስዎ ለደብዳቤዎቼ ሁሉ ሳይመልሱልኝ፣ ይህኛው ሳልጠይቅ መምጣቱ ገርሞኛል። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና እቀርባለሁ። መኪናዋን ይዤ መምጣት አያስፈልገኝም፤ ከአደጋው በኋላ ለማጣራት ተብላ ተጎትታ መጥታ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ባለው ግቢ ሸራ ለብሳ ያለችው እሷ ናት። ገብቼ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። በዚህኛው ጊዜ አክብሮቱ ይቅርብኝና አታውርዱኝ።

ይህን እስከዚህ ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ደግሞ ይኸው ነው። በየእምነታችሁ ልጄን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። መኪናችሁ ውስጥ እናታችሁ፣ ወይም ሌላ ሰው፣ ከኋላ ሲገባ ዝቅ ማለቷ ሲሰማችሁ፣ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር በሉለት።