ክብደት በመቀነስ አንደኛ ላወጡኝ ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ታመነ
የመረዳጃ ማኅበራችን የጤና ኮሚቴ ሊቀመንበር
ፓርክላንድስ፣ ናይሮቢ

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሚወዱት ማይክሮፎን ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እግሬን ሁለት ትራስ ላይ ሰቅዬ ስለሆነ የአክብሮት ጉድለት አድርገው እንዳያዩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ እኔ ተኽለሚካኤል ነኝ፤ በዚህ ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ሱሪ የሰፋሁ፣ ከሰፋኋቸውም መካከል የእርስዎ የሚገኙበት ልብስ ሰፊ። ከአራት ዓመት ወዲህ ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ በሽታ ይዞኛል። እጄን ማንቀጥቀጡን ሁሉም ሰው ያያል። የማይታየው ግን ሥጋዬን ቀስ እያለ መጨረሱና ከተቀመጥሁበት ስነሳ የደም ግፊቴን አውርዶ ዓይኔን ማጨለሙ ነው። ሐኪሜ ያዘዘልኝ ከባድ ነገር አይደለም፤ በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ቅቤና አቮካዶ ማብዛት፣ ከመነሳቴ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ መጠጣት፣ ምግቤ ላይም ጨው መጨመር። አዎን፣ ጨው መጨመር። እርስዎ እንዳይደነግጡ ይህችን ቃል ቁጭ ብለው እንዲያነቧት አደራ እላለሁ።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ጥር «ክብደትና ግፊት ይውረድ» የሚለውን ዘመቻዎን ሲከፍቱ አዳራሹ በር ላይ ሚዛን አስቀምጠው ሁላችንንም መዘገቡን። እኔ ስልሳ አንድ ኪሎ ነበርሁ። በሰኔ ሃምሳ ሁለት ሆንሁ። በንስሐ አባቴ ፈቃድ ከሁዳዴ ጾም ነጻ የወጣሁትን ሰው እርስዎ ፋሲካ የሌለው ጾም ውስጥ ስላስገቡኝ ዘጠኝ ኪሎ ለመቀነስ አልተቸገርሁም። እርስዎም ስሜን በማይክሮፎን ጠርተው «ከእሳቸው ተማሩ» ብለው በጭብጨባ ወደ መድረክ አስወጡኝ። ተነሳሁ፣ ሦስቱን ደረጃ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የጠረጴዛውን እግር ነው። ለሕዝቡ «በደስታ ነው የወደቁት» ብለው ማስረዳትዎን ቆይቼ ሰምቻለሁ። ሽልማቱ የመዝለያ ገመድ ነበር፤ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ያን ቀን ከሁሉ በላይ ያጨበጨበችው ባለቤቴ ራህዋ ነበረች።

ሁለተኛው ስለ እሷ ስለሆነ ለመጻፍ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። ራህዋ በጥር የእርስዎን ንግግር ሰምታ የመጣች ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበረውን ጨው ሁሉ አውጥታ ጣለች፤ ቅቤውንም ለጎረቤት ሰጠች። ይህን ያደረገችው ስለምትወደኝ ነው። ሐኪሜ ሌላ ብሏል ብዬ ብነግራት፣ ሐኪሙ የሚያየኝ ዐሥር ደቂቃ እንደሆነ፣ እርስዎ ግን ሃያ ዓመት እንደሚያውቁን ነገረችኝ። በጣዕም የለሽ ምግብ ላይ፣ አፌም ጣዕም መለየት ባቆመበት ሰዓት፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እተው ጀመር። መድረክ ላይ ከወደቅሁ በኋላ ግን ጥርጣሬ ገብቷት ስልክ ደወለችልዎ፤ የባሌ ግፊት የሚወርድ ነው ይላሉና ምን ላድርግ ብላ ለመነችዎ። እርስዎም «ግፊት ግፊት ነው፣ ጨው እንዳያዩ» ብለው በአንድ ትንፋሽ መለሱላት። ጊጊሪ በሚገኘው ቢሮዎ የሚሠሩት የመኪና ስምሪት መሆኑን አውቃለሁ፤ የደም ዝውውርንም በዚያው ሥልጣን መምራትዎ ግን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

በሐምሌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወንበሬ ስነሳ ወድቄ ግንባሬ ተተረተረ። ሰባት ቦታ ተሰፋሁ፤ ስፌቱ ክፉ አይደለም፣ እኔ ብሆን ግን ጠበቅ አደርገው ነበር። የደም ግፊቴን የለካችው ነርስ በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ ቀስ ይበሉ፣ እያለች በዝግታ ስታስቀምጠኝ፣ ሐኪሙ ራህዋን አጠገቡ አስቀምጦ ጨው ለዚህ ሰው መድኃኒቱ ነው አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴ ሰው አልሆነችም። ምግብ ስትሠራ ጨው በያዘች ቁጥር እጇ ከእኔ እጅ የበለጠ ይንቀጠቀጣል። ብትጨምር ትገድለኛለች ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ብትቀንስ ትጥለኛለች ያለው ሐኪሙ ነው። «ግንባርህን የተረተርሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኋት፤ ስላዘንሁላት የምለው ይመስላታል። ሁለት ጊዜ ወደ እርስዎ ሄዳ ጠየቀችዎ፤ ኮሚቴው በውሳኔው ይጸናል ብለው ሸኟት።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን በቀል ነው፤ በግልጽ መጻፉ ይሻላል። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ወገብ አያወራም። ሠላሳ አንድ ዓመት አላወራሁም። እጄ መርፌ መያዝ ከተሳነው ወዲህ ማሽኑ ላይ የሚቀመጠው ረዳቴ ሕዝቅያስ ቢሆንም ሜትሩን የምይዘው አሁንም እኔ ነኝ፤ የደንበኞች ልክ የሚጻፍበት ደብተርም በእኔ ጽሕፈት ነው። በጥር ወገብዎ መቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነበር። በሰኔ፣ ስድስት ኪሎ መቀነስዎ በኮሚቴው መዝገብ በተጻፈበት ሳምንት፣ ግራጫ ሱሪዎን እንዳሰፋልዎ በጓሮ በር ይዘው መጡ፤ መቶ ዘጠኝ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ወይ የእርስዎ ሚዛን ወይ የእኔ ሜትር መጠገን ሳያስፈልገው አይቀርም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጪው እሁድ ስብሰባ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ ባለቤቴን በስሟ ጠርተው «ወይዘሮ ራህዋ፣ የነገርኩዎት ስህተት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርስዎ አይደለም» ይበሏት። ከእኔ አፍ ያላመነችውን ከእርስዎ አፍ ታምናለች፤ ይህ እጅግ ቢያናድደኝም እውነቱ እንዲህ ነው። ይቅርታው ለእኔ አይደለም። እኔ ይቅርታ አልፈልግም፤ ከጥር ወዲህ በሰውነቴ ላይ የወፈረው ቂሜ ብቻ ስለሆነ እሱንም እንዲያከሱብኝ አልፈቅድም።

ሌላውን ሰው ሁሉ ለማቅለል ሲደክሙ ራስዎን ስለረሱበት ትጋት ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ሐኪሜ ማጎንበስ የከለከለኝ በመሆኑ በሐሳብ ብቻ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የዘመቻዎ ባለ አንደኛ ደረጃ፣

ተኽለሚካኤል፣ ልብስ ሰፊ
ግልባጭ፦ ለማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳና ለዋትሳፕ ግሩፑ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እሁድ እርስዎ መድረክ ላይ ሲወጡ እኔ ከፊተኛው ረድፍ ለክብርዎ ተነስቼ እቆማለሁ፤ ከላይ የጻፍሁትን ለራህዋ እስኪነግሯት ድረስም አልቀመጥም። ሐኪሜ ሰዓት ይዞ እንደለካው፣ ቆሜ ሦስት ደቂቃ ስሞላ ግፊቴ ወርዶ እወድቃለሁ። የእርስዎ የመክፈቻ ንግግር ብዙ ጊዜ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። እኔን ሕዝቅያስ ከኋላዬ ቆሞ ይይዘኛል፤ እርስዎን የሚይዝዎት ሰው ግን ከወዲሁ ቢፈልጉ መልካም ነው።